በርበሬ የነካው የገንፎ ዱቄት

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ሚስቱ ስርጉት ከሞጣ በልጃቸው ስልክ ደውላ የምትፈልገውን ሁሉ ነገረችው፤ የገንፎው ገብስ ዛሬውኑ ይፈጭ፣ ቅቤው በጣሳ ይምጣ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ድረስ፣ ነገ የሕፃኗ ክርስትና ነው፣ እንግዳ ይበዛል። ባለወፍጮው ቢያዝን «እሺ» አለ። አሁንም «እሺ» አለ። እሷ የዘጋችው መስሏት ስልኩን አንድ ቦታ ላይ ስታስቀምጠው ኮሽ ሲል ተሰማው። እሱም ሊዘጋው አውራ ጣቱን ሲያነሣ የልጁን የጸደንያን ድምፅ ሰማና ተወው። ጸደንያ ሞጣ ላይ ነርስ ናት፤ ከወለደች ወዲህ እናቷ እሷ ዘንድ ነው ያለች።

«አባዬ ምን አለ?»

«ምን ይላል፤ እሺ ነው የሚለው። እሺ ሲልም እንደተበደለ ሰው ነው። እኔማ ልጄ፣ ከክርስትናው በኋላ እዚሁ ብቀር ነው የሚሻለኝ። ልጅቷንም አሳድግልሻለሁ። አባትሽን እንደሆን ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም። ማታ ማታ ይዞልኝ የሚገባው ስሞታ ነው። እገሌ እንዲህ አለኝ፣ እገሌ እንዲህ አድርጎ አየኝ። ዕድሜዬ አለቀ እኮ እሱን ስሰማ።»

«ስልኩ ተዘግቷል እማዬ?»

«ተዘግቷል።»

ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች፤ ሁለቱም ወደሷ ተነሡ መሰል ድምፃቸው ራቀ። ቢያዝን ቢቸና ገበያ ዳር ካለው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሞ ቀረ። መጠጥ አያውቅ፣ እጁን አንሥቶባት አያውቅ። ቤት ሠርቶ በቆርቆሮ የከደነ፣ ልጅ አስተምሮ ለሥራ ያበቃ፣ የሰው እህል ሲፈጭ ሳንባው ዱቄት ጠጥቶ ያለቀ ሰው ነው። ይኸ ሁሉ እንደ ምንም ተቆጥሮ ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም ይባላል? እስቲ በዚህ አገር ደስ ሲለው የሚታየው ማነው? ደሙ ፈላ። ይህንን ግፍ ለሰው መናገር አማረው፤ ወዲያው ግን የሚነግረው ሰው አጣ። በደሉን ሁሉ ሲነግር የኖረው ለስርጉት ነው። ይህቺን አንዷን ብቻ ለስርጉት መንገር አይቻልም።

ስሞታውም ቢሆን ያለ ነገር አልመጣም። እሱና ታላቅ ወንድሙ ሽታሁን አንድ ቀን ነው ትምህርት ቤት የገቡት። አባታቸው ሁለቱንም ማስተማር ሲያቅተው ቢያዝንን ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቶ ከሞፈር አዋለው፤ ሽታሁን ቀጠለ፣ ተማረ፣ ሞጣ ላይ የቢሮ ሰው ሆነ፣ ከረባት አሰረ። ያስ ይሁን። ሽታሁን ቤት ሠርቶ ያስመረቀ ዕለት ቢያዝን ሙክት በግ ይዞ ከቢቸና ድረስ ሄደ። የቢሮ ጓደኞቹ «እኚህ ማን ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ ሽታሁን «ከገጠር የመጣ የቤታችን ሰው ነው» አላቸው። ወንድሜ ነው ለማለት ምላሱ ተሳሰረ። ቢያዝን ያን ዕለት የበላው ሥጋ ጉሮሮው ላይ እንደቆመ ቤቱ ገባና ለስርጉት ነገራት። በማግስቱም ነገራት። እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር፣ በግ በታረደ ቁጥር፣ ከረባት ያሰረ ሰው በሬዲዮ በተናገረ ቁጥር ነገራት። ታዲያ ለሚስት ያልተነገረ ለማን ይነገራል?

«ቆይ» አለ ለብቻው፣ ስልኩን ኪሱ ሲከት። «አይተሽ የማታውቂ ከሆነ ታያለሽ።» ዛሬ ሞጣ ሲገባ አንዲት ስሞታ ይዞ አይገባም። ከዛሬዋ ቀን ደስ ያሰኙትን ነገሮች ለቅሞ ይሄድና ፊቷ ዘርግፎ ያሳያታል፤ ከዚያ በኋላ ትቀር እንደሆነ ትቅር። ነገሩን እልህ ነው የወለደው፤ ቢሆንም ቆረጠ። የቸገረው አንድ ነገር ነው። በደል ሳትጠራው ራሱ እየመጣ ይቀሰቅስሃል፤ ደስ ያለህን ነገር እስከ ማታ እንዴት አድርገህ ትይዘዋለህ? ልምዱ አልነበረውም። ዙሪያውን ሲያይ ከወፍጮው እግር ሥር የፈሰሰውን የማንም ያልሆነ እህል አየ። ደስ ያለው ነገር በገጠመው ቁጥር አንድ ፍሬ አንሥቶ ካፖርቱ ኪስ ሊከት ወሰነ።

የገበያ ቀን ስለነበር ሰልፉ በማለዳ ነው የጀመረው። ማዳበሪያው፣ ስልቻው፣ ፌስታሉ እስከ አስፋልቱ ዳር ተደርድሯል። ከሁለቱ ወፍጮዎች በርበሬና ሽሮ የሚፈጨው፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰበት ሳምንቱ ነው፤ መለዋወጫ ጠፍቷል፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሁሉም እህል ባንዱ ወፍጮ ነው የሚያልፈው፤ በርበሬ ከተፈጨ በኋላ አንድ ሁለት እፍኝ በቆሎ ለቅቆ ድንጋዩን ማጠብ ግድ ነው። ቢያዝን ሞተሩን አስነሣና የመጀመሪያዋን ሴት ጤፍ ለቀቀ። ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር እንደ ወትሮው ልስላሴውን ለማወቅ እጁን ከሥር ዘረጋ። ሞቀው። የጥቅምት ብርድ ጣቶቹን ሲቆረጥም አድሮ ዱቄቱ እንደ ትኩስ ዳቦ እጁን ሞቀው። ስንት ዓመት ሙሉ እጁን እዚያ ሲዘረጋ ልስላሴውን እንጂ ሙቀቱን አስቦት አያውቅም። «ይኼ አንድ» አለና አንዲት የጤፍ ፍሬ አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ትንሽ ቆይቶ ኪሱን ቢዳብስ የለችም። ጤፍ እኮ ናት፤ ስፌቱ ውስጥ ገብታ ቀርታለች። ጅማሬው እንዲህ ሆነ።

አንድ ሰው ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ሞተሩ እንደተቃጠለ አወራለት። የማዶው ባለወፍጮ ከቢያዝን ደንበኞች ግማሹን የወሰደበት ሰው ነው። ቢያዝን ደስ አለው፤ ዛሬ ከሰማው ሁሉ ይኼኛው ውስጡ ድረስ ገባ። አንድ የበቆሎ ፍሬ አንሥቶ ኪሱ አደረገ። ከዚያ ለስርጉት እንዴት እንደሚነግራት አሰበ። «የማዶው ሰውዬ ሞተር ተቃጥሎበት ደስ አለኝ» ሊላት ነው? ፊቷ ታየው። ይኼ ያው ስሞታው ነው፤ ልብሱን ገልብጦ ለብሶ መጣ እንጂ። በቆሎዋን አውጥቶ ወደ ውጭ ወረወራት፤ አንዲት ዶሮ ሮጣ ዋጠቻት።

ረፋዱ ላይ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ስንዴ ይዘው መጡ። እማሆይ ለሰልፍ አይቆሙም፤ ሰውም አያቆማቸውም። ሚዛኑን አያምኑትም፤ ሁልጊዜ «ሚዛንህ ይጾማል ወይስ ይበላል?» እያሉ ይወርፉታል፤ እሱም ሁልጊዜ ይከፋዋል። ዛሬ ሊከፋው ሲል ኪሱ ትዝ አለውና ፊቱን ፈታ ለማድረግ ሞከረ።

«አመመህ እንዴ ቢያዝን?» አሉት እማሆይ ቀረብ ብለው እያዩት።

«ደኅና ነኝ እማሆይ። ምነው?»

«ከንፈርህ ወዲያና ወዲህ ሄደብኝ። ጸበል ውሰዱት እናንተ፤ ሰውዬው ደኅና አይደለም።»

«ፈገግ ማለቴ ነው እኮ።»

«እንዲህ ነው የሚባለው? ተው በቃ፣ እንዳስለመድኸን ሁን።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ቢያዝንም ሳይዘጋጅበት ሳቁ አመለጠው፤ አፍንጫው ውስጥ የነበረው ዱቄት ወጥቶ ጢሙ ላይ ቦነነ። እማሆይ ስንዴያቸውን አስፈጭተው ሲወጡ ራሱ ላይ እጃቸውን ጫን አድርገው የሆነ ነገር አሉ። ምርቃት ይሁን ሌላ ወፍጮው ጮኾ አላሰማውም። የስንዴ ፍሬዋ ኪሱ ገባች፤ ይህቺስ አትጠፋም።

ቀትር ላይ የበርበሬ ነጋዴዋ ውበቴ ተራ ደረሳት። ውበቴ ድምፀ ትልቅ ናት፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራ። በርበሬዋ ግማሹ ወርዶ፣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላ ይዞ ሲያስነጥስ፣ እሷ አጠገቧ ላለችው ሴት በሙሉ ጉልበቷ ታወራ ነበር። ያኔ መብራት ሄደ። ወፍጮው በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል የውበቴ ድምፅ ብቻውን ቤቱን ሞልቶ ገበያው ድረስ ወጣ፤ «እኔኮ አልጋ የለየሁት ጠልቼው አይደለም፤ ሲያንኮራፋ የቢያዝንን ወፍጮ ነው የሚያስንቅ!»

ከዚያ ከበሩ ውጭ ገበያ መሀል የቆመ ሰው፣ የውበቴ ባል ነው፣ «ውበቴ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ሴቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ። ውበቴ ራሷ በርበሬ በነካው እጇ ዓይኗን ሸፍና፣ ዓይኗ ሲቃጠል «ወይኔ» እያለች ሳቀች። ቢያዝን መሬት ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፤ ሆዱን እስኪያመው፤ እንባው ዱቄቱን ጉንጩ ላይ እስኪያቦካው። መብራት በሄደ ቁጥር መብራት ኃይልን ሲረግም የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ጸጥታው ውስጥ ተቀምጦ ደጅ ያለውን የገበያ ሁካታ፣ የአህያውን፣ የባጃጁን፣ የሚከራከረውን ሰው ሰማ። ሞተሩ ለካ ይህን ሁሉ ሲጋርደው ነው የኖረው። ከፈሰሰው በርበሬ አንዲት ፍሬ አነሣ። ቀይ፣ ከነልጣጯ።

መብራቱ ሲመለስ ሰዓቱ ሄዷል፤ ወደ ሞጣ የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ ሊወጣ ነው። የውበቴን በርበሬ ጨርሶ አወረደ፤ ሰልፉን ይቅርታ ብሎ፣ ስርጉት ሳትሄድ ያሰናዳችውን የገብስ ከረጢት አንሥቶ ገለበጠ። የውበቴ ባል በሩ ላይ መጥቶ «እስቲ ዝም በሉና እንስማው፤ እውነት እኔን ይመስላል?» ብሎ ጆሮውን ወደ ወፍጮው ሲያቀና ቢያዝን እንደገና ሳቅ ያዘው። እየሳቀ ዱቄቱን ወደ ከረጢቱ ገለበጠ፣ እየሳቀ አሰረው፣ እየሳቀ ካፖርቱን ደረበ። በሩን ለውበቴ ባል አደራ ብሎ ከረጢቱንና የቅቤውን ጣሳ ተሸክሞ ወደ መናኸሪያው ሮጠ።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀመጠ፣ ቅቤው በእግሩ መሀል፣ ዱቄቱ ጉልበቱ ላይ። ሰሞኑን መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለ ከረመ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚሄድ። ደብረ ወርቅን አለፉ። ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንዱ ታጭዶ ተከምሯል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ ጥሎት ራሱን ትከሻው ላይ ጣለ። ሌላ ቀን ቢሆን በክርኑ ያቃናው ነበር፣ ማታም ለስርጉት «ትከሻዬን ትራስ አደረገው» ብሎ ያወራላት ነበር። ዛሬ ተወው። የሰውዬው ራስ ከበደው፣ ሞቀውም። ግንደ ወይን ላይ ሰውዬው ነቃና አፍሮ «ይቅርታ አባት» አለ፣ ከሸማው ጫፍ ጥቂት ቆሎ ዘርግቶ ሰጠው። ቢያዝን በላና አንዷን ሽምብራ ኪሱ አስቀረ።

ሞጣ የደረሰው ጀንበር ልትገባ ስትል ነው። የጸደንያ ቤት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ የሥራ ባልደረቦቿ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ሽታሁን ከነከረባቱ ተሰይሟል። ስርጉት ከማድቤት ብቅ ብላ ቢያዝንን አየችው፣ ሰላም አለችው፣ ከረጢቱን ተቀበለችው። ፊቱን ደጋግማ ታየዋለች፤ ከመንገድ ያመጣውን ስሞታ ስትጠብቅ ያውቃታል። እሱ ግን ከየት እንደሚጀምር አላወቀም፤ ሰው ፊት ኪስ ይገለበጣል እንዴ? እንዲያው ቆሞ ሳለ ከማድቤት አንድ ማስነጠስ ተሰማ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሴቶቹ እየተቀባበሉ። ስርጉት ትሪ ላይ ያፈሰሰችውን ዱቄት ይዛ እያስነጠሰች ወጣች። ዱቄቱ ሮዝ ነበር።

ቢያዝን አየና ገባው። ድንጋዩን አላጠበውም። ከውበቴ በርበሬ በኋላ አንዲት እፍኝ በቆሎ ሳይለቅ ገብሱን ገልብጦታል። ጀማሪ እንኳ የማይሳሳተው ስሕተት ነው።

ሽታሁን ከወንበሩ ዘንበል ብሎ ትሪውን አየ፤ ሳል ብሎ ለእንግዶቹ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። «ዕድሜ ልኩን ወፍጮ ፈጭቶ የገብስና የበርበሬ ነገር ዛሬም ይምታታበታል? እኛ ደግሞ ቢያንስ መፍጨት ያውቃል ስንል ነበር።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሴቶቹ ሽንኩርቱን ይዘው ቀሩ። ስርጉት ባሏን አየች፤ አተያይዋ የለመደ ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ልብስ ለመሰብሰብ እንደሚያዩት። ቢያዝን ጉሮሮው ላይ ያ የድሮው ሥጋ መጥቶ ቆመ። መልሱም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለዓመታት ሲስለው የኖረ መልስ ነው። እጁን ኪሱ ከተተ። የስንዴዋን ፍሬ፣ ሽምብራዋን፣ በርበሬዋን ዳበሰ።

«እውነትህን ነው ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» አለ። «ስስቅ ነበር።»

«ምን ስታደርግ?» አለች ስርጉት።

«ስስቅ። ሳቅ ይዞኝ ድንጋዩን ሳላጥብ ለቀቅሁት።»

«አንተ?»

«እኔ።»

ስርጉት ትሪውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ የሐሰት ገንዘብ እንደሚመረምር ሰው ዱቄቱን በጣቷ ነካች፣ ቀመሰች፣ አስነጠሰች። ቢያዝን ዋሽቶ እንደማያውቅ ታውቃለች፤ ወፍጮውን ሳያጥብ ገብስ ለቅቆ እንደማያውቅም ታውቃለች። «ምን አስቆህ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ነገራት። ስለ መብራቱ፣ ስለ ውበቴ ማንኮራፋት፣ «እኔ እዚህ ነኝ» ስላለው ባል። እንደ ስሞታው አሳምሮ አልተናገረውም፤ መሀሉን አስቀድሞ፣ መጀመሪያውን ረስቶ፣ ተመልሶ ሄዶ አምጥቶ ነው የጨረሰው። ስርጉት ውበቴን ከልጅነቷ ታውቃታለች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ትሪው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ይዛ መሬት ቁጭ አለች። ሮዝ ዱቄት በአየር ላይ ቦነነና አግዳሚው ሙሉ እንግዳ፣ ሽታሁንም ከነከረባቱ፣ ሲያስነጥስ ሲስቅ አንድ ሆነ። ሽታሁን ዓይኑን እየጠረገ ለጸደንያ ባልደረቦች «ወንድሜ እኮ ነው» አላቸው። ቢያዝን ሰማው። ብዙ ዓመት የጠበቀው ቃል ነበር፤ ሲመጣ እንዳሰበው አልከበደም፤ ዞር ብሎም ሳያይ ቅቤውን ወደ ማድቤት አስገባ።

«ምን ይሻላል ታዲያ፣ ሌላ ገብስ እንፈልግ?» አለች አንዲቱ ሴት።

«ይገነፋል እንጂ» አለች ስርጉት። «ገንፎ መቼም መሀሉ ላይ በርበሬ ይጠብቀዋል። ይኼኛው ቀድሞ ጨርሶ መጥቷል።»

ጸደንያ ሕፃኗን ቢያዝን እቅፍ ላይ አኖረችለት። ከዚያ ስልኳ ላይ የጠዋቱን ጥሪ ርዝመት አየች፣ ፊቱን አየች፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «አባዬ፣ ጠዋት ስልኩ ተዘግቶ ነበር?»

ቢያዝን ሕፃኗን ያያል። ትንሿ እጅ የካፖርቱን ቁልፍ ይዛ አልለቅም ብላለች።

«ተዘግቶ ነበር ልጄ» አለ። «ምነው?»

ጸደንያ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ቢያዝን ይህቺን ስሞታ ለማንም አይነግራትም።

እንግዳው ሲበተን ስርጉት ካፖርቱን ለማራገፍ ከምስማሩ አወረደችው። እጇን ኪሱ ስትከት የተደባለቀ ፍሬ አገኘች። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ በርበሬ። መዳፏ ላይ ይዛ መጣች።

«ይኼ ምንድን ነው? ልትዘራ ነው?»

«ስንዴዋ የእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናት። ሽምብራዋ መንገድ ላይ ትከሻዬ ላይ የተኛ ሰው የሰጠኝ ናት። በርበሬዋን ታውቂያታለሽ። ጤፍም ነበረች፤ ጠፋች።»

ስርጉት መዳፏን አየች፣ እሱን አየች። ፍሬዎቹን አንድ ሳታስቀር ኪሱ መልሳ ካፖርቱን ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

«የእማሆይዋን እዚህ አትንገረኝ» አለች፣ ወደ ገንፎው ድስት እየተመለሰች። «ቤታችን ስንገባ ትነግረኛለህ።»